ከጋሽ ታፈሰ ቀድሞ የሚገባው ሽታ

ጋሽ ታፈሰ የሞተው ሳንሱሲ፣ ሰው ቤት፣ ሶፋ ላይ ነው። ልጅ ለመጠየቅ ሽምግልና ተቀምጦ፣ የመጣበትን ጉዳይ እንኳ ገና ሳይናገር አሉ። የእድራችን ጸሐፊ ግቢያችን ድረስ መጥቶ፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ፣ «ሰብለ፣ ጋሽ ታፈሰ አርፈዋል። ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ መርዶውን እንዴት ብናረዳቸው ይሻላል?» ሲለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ቆይ፣ መጀመሪያ የሚስቡት የአስም መድኃኒት ቦርሳቸው ውስጥ መኖሩን ልይ» ነው ያልኩት።

ሙት ወቃሽ እንደምባል አውቃለሁ። ይበሉኝ። በሕይወቱ ሳለ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ከሞተ በኋላ የምጨምረው ብዙ የለኝም። የተለወጠ ነገር ቢኖር ያኔ «እርስዎ» እለው የነበረውን አሁን መተዌ ነው። አንቱታውን ለሚስቱ አዛውሬዋለሁ። ድሮም የሚገባው ለእሳቸው ነበር።

ጋሽ ታፈሰን የኮልፌ ሰው በመልኩ አያውቀውም። መልኩ የማንም መልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢያገኙት ሁለት ጊዜ የሚተዋወቁት ዓይነት። የሚታወቀው በዑዱ ነበር። ይሠራበት የነበረው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለቤት አንድ ጊዜ ዱባይ ደርሶ ሲመለስ፣ ለሠራተኞቹ ካመጣው ስጦታ ለእሱ አንድ ብልቃጥ የዑድ ሽቶ ደረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱባይ ደርሶ የተመለሰው ራሱ ጋሽ ታፈሰ ሆነ። «ዱባይ እኮ ሰው ሰላም ከመባሉ በፊት ይሸተታል» ይል ነበር፣ አንድም ቀን አውሮፕላን ማረፊያን ከአጥሩ ወዲያ ሳያይ። ብልቃጡ ሲያልቅ ባለሱቁን እየወተወተ ሌላ ያስመጣል። ለራሱ ጫማ የማይገዛ ሰው ዑድ ግን ተቋርጦበት አያውቅም።

ሽታው መጥፎ ነበር ብዬ አልዋሽም። መጀመሪያ አፍንጫ የሚመታው ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ነው። እሱ ሲያልፍ እንጨቱ ይመጣል፤ ከባድ፣ የከረመ፣ ዝናብ የመታው ግንድ ሲጨስ የሚሸት ዓይነት። መጨረሻ ላይ ቆዳ ቆዳ ይልና እዚያው ይቀራል። ከግቢያችን በር አጠገብ ሱቅ ያለው ከድር ዓርብ ዓርብ መስጊድ ሲሄድ ዑድ ይቀባል፤ አንዲት ጠብታ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ አጠገቡ ካልቆምሽ የማታውቂው። ጋሽ ታፈሰ ሲያልፍ እያየ፣ «ወላሂ ሰብለ፣ ይሄ ሰውዬ ይታጠብበታል እንጂ አይቀባውም» ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ ግቢው መሃል ቧንቧው አጠገብ ይቆማል። ቤቱ ውስጥ አይረጭም፤ ማን ያየዋል? አንገቱን ግራና ቀኝ፣ የእጁን አንጓ፣ የኮቱን ገበር፣ መሐረቡን ያዳርሳል። ከዚያ አየሩ ላይ ሁለት ጊዜ ፊስ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ በመሃሉ ያልፋል፤ ልክ መጋረጃ ገልጦ እንደሚገባ ሰው። አልፎ ሲወጣ አንገቱ ይረዝማል፣ እርምጃው ይለወጣል። ቧንቧ ላይ ተራ የያዝነው ሴቶች ጄሪካናችንን ይዘን እንጠብቀዋለን። «ሰው ማለት ሳይታይ የሚታወቅ ነው» ይለናል ሲያልፈን። ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይቁጠረው።

ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሰው መስኮት ይከፍታል። ረዳቱ «ፋዘር፣ እስቲ በእርስዎ በኩል ያለችውን መስኮት ትንሽ ገፋ ያድርጓት» ሲለው፣ ለሰው አየር እንደሚሰጥ ባለሥልጣን በግርማ ይገፋታል። ሰው ፊቱን ሲያዞር አፈረኝ ይላል። ስታስነጥሺ «ይማርሽ» ብሎ ፈገግ ይላል፤ ያስነጠሰሽ እሱ መሆኑ አይገባውም።

የሚገርመው የሰፈሩ ሰው ነው። ያ ሽታ የሀብታም ሽታ ነው ተባለና ጋሽ ታፈሰ የሽምግልና ሰው ሆኖ ቀረ። ልጅ ለማስጠየቅ እሱ፣ ባልና ሚስት ለማስታረቅ እሱ። ቀራንዮ አካባቢ ብዙ ትዳር ያስታረቁ፣ ቃላቸው የሚደመጥ አዛውንት በር አጠገብ ባለው ወንበር ሲቀመጡ፣ እሱ ሶፋው መሃል ይደረጋል። እዚያ ሆኖ ምን ይላል? «እንግዲህ ሁሉም በጊዜው ነው» ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ ሲል የሰማው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

እኔንም ነክቶኛል። አንድ ጊዜ ገበሩ የተቀደደ ኮቱን እንድሰፋለት ትቶልኝ ሄደ። ኮቱ የሙሽራ ቀሚስ ከተሰቀለበት አጠገብ አደረ። የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ልትወስድ መጥታ አሸተተችው፣ ልጅቷን አየቻት፣ ደግማ አሸተተችው፣ «ይሄን ቀሚስ ማን ለብሶት ነው?» አለችኝ። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ተመልሼ አዲስ ሰፋሁ። ለጋሽ ታፈሰ ስነግረው ደስ አለው። «እኔ ሳልጋበዝ ሠርግ ቤት ገባሁ በይኛ!» አለና ሳቀ።

በዚህ ብቻ ቢሆን ግን ስቄ እረሳው ነበር። የናቅኩት በሚስቱ ነው።

እትዬ አስካለ አስም አለባቸው። ኑሯቸው አንድ ክፍል ቤት፣ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ እሷም የጎረቤት ግድግዳ ላይ የምትከፈት። እሱ ኮቱን ሰቅሎ ሲተኛ ዑዱ ከኮቱ ወርዶ አብሯቸው ይተኛል። ጠዋት እሱ ከወጣ በኋላ በርጩማቸውን ይዘው በረንዳዬ ላይ ይመጣሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይቀመጣሉ። ደረታቸው ውስጥ የሚያፏጭ ነገር አለ፤ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ሳቆም ይሰማኛል። «ምነው እትዬ፣ ዛሬ ባሰብዎት?» ስላቸው «ብርድ ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። በጋም ብርድ ነው፣ ክረምትም ብርድ ነው።

አንድ ቀን አቅፌያቸው ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። እሱም ከሱቁ ተጠርቶ መጣ፤ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ሲስተሯ ራሷ አሳላት። መድኃኒቱን ካዘዘች በኋላ ቆማ በግልጽ ነገረችን፦ «የከሰል ጭስ አይቅረባቸው። አቧራ አይቅረባቸው። ሽቶ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ አይግባ። ይሄን ካላደረጋችሁ መድኃኒቱ ብቻውን አይችለውም። አንድ ቀን ሳንደርስላቸው እንዳይቀር።» ይህን ስትል ዓይን ዓይኑን እያየችው ነበር። እኔ በሆዴ ተመስገን አልኩ፤ ከሐኪም አፍ ሰማው ብዬ።

ሰማ። ቤት ደርሶ ምን አደረገ መሰላችሁ? የከሰል ምድጃውን አውጥቶ በር ላይ ጣለና ለግቢው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደሚገዛ አወጀ። ገዛም። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዕቃ ዞረ። የእጅ ቅባታቸውን፣ የፀጉር ቅባታቸውን፣ እህታቸው በፋሲካ ያመጣችላቸውን መልካም ጠረን ያለው ሳሙና ሰብስቦ በፌስታል ለቆሻሻ ወሳጆቹ ሰጠ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው ሳሙናቸው ሲሄድ ያያሉ። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ፣ ፊስ፣ ፊስ።

መኪናዬን ትቼ ተነሳሁ። «ጋሽ ታፈሰ፣ ሲስተሯ ሽቶ አላለችም?» አልኩት።

«ብላለች። ርካሹን ማለቷ ነው» አለኝ፣ ብልቃጡን እየከደነ። «የኔ እኮ እንጨት ነው፣ ሰብለ። የዛፍ ዘይት። እንጨት ሰው አያሳምምም። አናጢ ሲታመም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ተመልሼ ፔዳሌን መርገጥ ጀመርኩ።

ከዚያ ፀበል መጣ። የእትዬ አስካለ መታመም ሲበረታ ጎረቤቱ መከረ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ፀበል ቦታ ሁለት ሳምንት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ፀበልን የማቃልል ሰው አይደለሁም፤ እኔም ተጠምቄ የዳንኩበት ሕመም አለኝ። ግን የሆነውን ላውራ። ፀበል ቦታ ሽቶ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው። ጋሽ ታፈሰ ሊጠይቃቸው ሲሄድ በር ላይ ያሉት አገልጋይ «አባቴ፣ እንዲህ ሆነው አይገባም፤ ታጥበው ልብስ ቀይረው ይምጡ» አሉት። ተቀየመ። ታጥቦ እንደመመለስ ስንቁን በሰው ልኮ ወደ ኮልፌ ተመለሰ። ስለዚህ እትዬ አስካለ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባላቸውን አላሸተቱም።

እኔ ልጠይቃቸው ስሄድ ዳገቱን በእግራቸው ወርደው ተቀበሉኝ። ፊታቸው ወዝቷል። ጮክ ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ደረታቸው ዝም ብሏል። «ድኛለሁ፣ ሰብልዬ» አሉኝ።

ሊያመጣቸው የሄደው እሱ ነው። ኮንትራት መኪና ይዞ፣ ለክብራቸው ብሎ ከሌላ ቀን አብልጦ ተቀብቶ። መንገድ ላይ ንፋስ እንዳይመታቸው ብሎ የመኪናውን መስኮት በሙሉ አዘጋ። ግቢያችን ሲደርሱ እትዬ አስካለን በሁለት ሰው ደግፈን አወረድናቸው። ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ያ ፉጨት ከመኪናው ውጭ ይሰማ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ፀበሉ አልያዘላትም። ሌላ እንሞክራለን» አለ። ጎረቤቱም የትኛው ፀበል ለደረት እንደሚበረታ ክርክር ጀመረ።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ፀበሉ ምን አደረገ? እሳቸውን የሚያፍኗቸው እርስዎ ነዎት! ዑድዎ ነው! ሐኪም ነገረዎት፣ እኔም ነገርኩዎት። ሚስትዎን ሊገድሏቸው ነው!» አልኩት።

እሱ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረና፣ «አስካለ፣ እውነት ነው? የኔ ሽቶ ያምምሻል?» አላቸው።

እትዬ አስካለ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው መድኃኒቱን እየሳቡ ነበር። ትንፋሽ እስኪያገኙ ሁላችንም ጠበቅን። ከዚያ፣ «ኧረ በጭራሽ» አሉ። «እሷ ደንግጣ ነው። ብርድ ነው እኮ።»

ጋሽ ታፈሰ እጁን ዘረጋ፤ አያችሁ፣ እንደማለት። እኔም ውሸታም ሆኜ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ በረንዳዬ ላይ ሲመጡ አኩርፌ ስፌቴን ስሰፋ ቆየሁ። እሳቸው ናቸው የጀመሩት። «አትቆጪኝ» አሉኝ። «ታፈሰ ድሮ የማይታይ ሰው ነበር። ሠርግ ተጠርተን ስንሄድ እኔን ስመው እሱን ይረሱታል። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሙ ቤት ምሳ ሲቀርብ ሰሃን ጎደለበት፤ መኖሩን ማንም አላየም። ዝም ብሎ ጾሙን ውሎ ተመለሰ። አሁን ሲገባ ሰው ዞር ይላል። ያቺኑ ብነሳው ምን ይቀረዋል?»

«አየር ይቀርልዎታላ!» አልኳቸው። «ለሰው ኩራት ተብሎ ትንፋሽ አይገበርም፣ እትዬ!»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መለሱ። እሱን በዚያ ቀን ከበፊቱ ይበልጥ ናቅኩት። ሚስቱ ትንፋሻቸውን ከፍለው የገዙለትን ክብር፣ ከብልቃጥ ያገኘው የሚመስለው ሰው። እሳቸው እያወቁ ለእሱ ብለው እንደሚታፈኑ ያውቅ ነበር? አላውቅም። ባያውቅ ቂል ነው፤ ቢያውቅማ ስሙን እንኳ አልጠራውም።

እናም ሳንሱሲ ሶፋ ላይ ሞተ። አስከሬኑ ግቢያችን መጣ፣ ድንኳን ተጣለ። ወንዶቹ አጥበው ሊገንዙት ሲዘጋጁ የእህቱ ልጅ ጎደል ያለውን የዑድ ብልቃጥ ከቁም ሳጥኑ ይዞ መጣ። «ጋሼ የሚወዱት ነበር፤ አርከፍክፉበት» አለ። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ደግፌያቸው ስለነበር አብሬ ተነሳሁ።

«አይረጭበት» አሉ።

ሰው ተያየ።

«ስንጋባ የራሱ ጠረን ነበረው» አሉ እትዬ አስካለ። «ደስ የሚል ጠረን። እንደ... እንደ ምን ልበላችሁ? ረስቼዋለሁ። ያ ብልቃጥ ከመጣ ወዲህ አላገኘሁትም። ዛሬ ታጥቧል። እስቲ አንድ ጊዜ እሱን ራሱን ላሽትተውና ይሂድ።»

ገናዦቹ ፈቀቅ አሉላቸው። ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አንገቱ ሥር አደረጉ፣ ረዥም ትንፋሽ ሳቡ። እኔ ከላይ ሆኜ ሸተተኝ። ቅርንፉዱ፣ እንጨቱ፣ ቆዳው፤ ሁሉም አለ። ውሃና ሳሙና ምንም አላደረጉትም። እትዬ አስካለ ቀና ሊሉ ሲሉ ደረታቸው ተዘጋ። ደረታቸውን ይዘው ባሉበት ተንበረከኩ፣ አፋቸው ተከፍቶ ድምፅ አልወጣ አለ። ሴቶቹ «አይ ፍቅር! አይ የትዳር ነገር!» ብለው እሪታውን አቀለጡት። እኔ ብቻ ነኝ ቦርሳቸውን የምበረብረው። መድኃኒቱን አፋቸው ላይ ስደቅን በልቤ ምን እንዳልኩት ካህን ይስማው እንጂ እዚህ አልጽፈውም።

እሱ ከተቀበረ ወዲህ እትዬ አስካለ ደህና ይተነፍሳሉ። ሰፈሩ «ሐዘን አበረታቸው» ይላል። አርባው ሲወጣ ልብሱ ሁሉ ለነዳያን ተሰጠ፤ አንዱን ኮት ግን ከለከሉ። እኔ ገበሩን የሰፋሁለት ኮት ነው። ከቤት አውጥተው ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫ ሽቦው ላይ፣ ከበራቸው ራቅ አድርገው ሰቀሉት። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድበትም አላነሱትም። ጎረቤት «ምነው ይበሰብሳል እኮ» ሲላቸው «ይልቀቅ ብዬ ነው» ይላሉ። ዑዱ ሲለቅ ከሥሩ ያ የድሮው ጠረን እንደሚገኝ አምነዋል። እሳቸው ግን መጠጋት አይችሉም፣ ቢነሳባቸውስ? ስለዚህ በየጠዋቱ የሚልኩት እኔን ነው። እኔን! ያን ሰው አፍንጫዬን ይዤ ስሸሸው የኖርኩትን ሴት። «እስቲ አንቺ አሽትቺልኝ፣ ሰብልዬ» ይሉኛል። እሄዳለሁ፣ አሸታለሁ፣ «ገና ነው» እላለሁ። እውነትም ገና ነበር።

ትናንት ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኮቱን አወረድኩት። ኮሌታውን ገልብጬ አሸተትኩ፣ ገበሩን አሸተትኩ፣ ብብቱ ውስጥ አፍንጫዬን ከትቼ አሸተትኩ። ዑዱ የለም፤ ለቋል። ደግሜ ፈለግኩ። ላብ የለም። ሳሙና የለም። ሰው የለም። ክረምት የበላው ጨርቅ ብቻ ነው የሚሸተው።

እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ነጠላቸውን እንደያዙ ቆመው ይጠብቁኛል። «ለቀቀ?» አሉኝ።

ኮቱን መልሼ ሽቦው ላይ ሰቀልኩት።

«ገና ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።